የቤት አይጥ አረባብና የወገኖቹ መዳቀል

እህል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ከገለባው ተለይቶ ወደ ጎተራ ሲገባ፥ ገበሬው የዓመቱ ድካሙ የተፈጸመ ይመስለዋል። የቤት አይጥ ግን ሥራውን የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው። አንበጣ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራልና ሁሉም ያየዋል፤ ሹሙም ሕዝቡን ጠርቶ ይከላከላል። አይጥ ግን በሌሊት፣ በግድግዳ ስንጥቅና በክዳን ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሠራ፥ ጉዳቱ የሚታወቀው ከረጢቱ ሲነሣና ሥሩ ተቀዶ ሲገኝ ነው።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች የዚህን እንስሳ ጠባይ ጠንቅቀው ማወቅ ይገባቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛው፥ የቤት አይጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚራባ ነው። ሁለተኛው፥ የተለያዩ የአይጥ ወገኖች በተገናኙበት ስፍራ እርስ በርሳቸው እንደሚዳቀሉ፥ ከዚህም መዳቀል የተነሣ በአንዳንድ አገር መርዝ የማይገድለው አይጥ እንደ ተገኘ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በተባበሩበት ስፍራ፥ በአንድ መርዝ ብቻ መታመን እህልን ያለ ጠባቂ እንደ መተው ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤት አይጥ ማንነት

የቤት አይጥ በሊቃውንት ዘንድ ሙስ ሙስኩሉስ የሚባለው ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ግራም ነው፤ ጅራቱም ከሰውነቱ ርዝመት ጋር ይተካከላል። አይጠ መጎጥ ከሚባለው ትልቁ ዓይነት ጋር መምታታት የለበትም፤ እርሱ በክብደት ከቤት አይጥ ብዙ እጥፍ ይበልጣልና።

የቤት አይጥ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ2017 በታተመ ምርመራ፥ በላይኛው የዮርዳኖስ ሸለቆ ከጥንት መኖሪያዎች ፍርስራሽ የተገኙ የአይጥ ጥርሶች እንዳስረዱት፥ አይጥ ወደ ሰው ቤት የተጠጋው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያ ዘመን እርሻ ገና ያልተጀመረበት፥ ነገር ግን ሰዎች የዱር እህል እየለቀሙ በአንድ ስፍራ ረግተው መኖር የጀመሩበት ነው። ከዚያ ወዲህ እህል በተጓዘበት ሁሉ አይጥ ተከትሎ ተጉዟል፤ በግመልና በጋሪ ጭነት በየብስ፥ በመርከብም በባሕር ሄዷል። ዛሬ ሰው በሚኖርባቸው ክፍለ ዓለማት ሁሉ ይገኛል።

አረባቡ

ሴቲቱ አይጥ ከተወለደች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ለመፀነስ ትደርሳለች። የእርግዝናዋም ጊዜ ከ19 እስከ 21 ቀን ነው። በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸው ልጆች ቍጥር እንደ ምግቡና እንደ ዕድሜዋ ቢለያይም፥ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ነው። ልጆቹ ሲወለዱ ጠጕር የሌላቸው፣ ዓይናቸው ያልተገለጠና ከ1 ግራም ብዙ የማይበልጡ ናቸው። በ2 ሳምንት ዓይናቸው ይገለጣል፤ በ3 ሳምንትም ጡት ይተዋሉ።

የአረባቡ ፍጥነት ዋና ምሥጢር ግን ሌላ ነው። ሴቲቱ በወለደች በ1 ቀን ውስጥ እንደ ገና ልትፀንስ ትችላለች። ስለዚህ የተወለዱትን እያጠባች የሚወለዱትን በማኅፀኗ ትሸከማለች። እያጠባች በፀነሰች ጊዜ እርግዝናው ጥቂት ቀን ይዘገያል እንጂ አይቋረጥም። ከዚህም በላይ ብዙ ሴቶች አይጦች በአንድ ጎጆ ተሰብስበው ይወልዳሉ፤ አንዲቱም የሌላይቱን ልጆች ታጠባለች። አንዲቱ ብትሞት ልጆቿ ሁልጊዜ አይጠፉም።

በወንዶቹ በኩል፥ አንድ ብርቱ ወንድ ጥቂት ሴቶች ያሉበትን ስፍራ ይዞ ሌሎቹን ወንዶች ያባርራል። ያደጉት ወጣቶች ወንዶች ከዚያ እየወጡ ሌላ ቤትና ሌላ ጎተራ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ጥበቃው ፍጹም አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የተወለዱ ልጆች አባታቸው ሁለት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ ነገር ከዚህ በታች ስለ መዳቀል ለሚነገረው መታሰብ ይገባዋል፤ ከሌላ ስፍራ የመጣ እንግዳ ወንድ ዘሩን ለማስገባት መንገድ እንዳለው ያስረዳልና።

አይጥ እንዲራባ የሚያደርገው ከሁሉ በፊት ምግብ ነው። በእንግሊዝ አገር ላውሪ የተባለች መርማሪ በ1946 ባሳተመችው ጥናት፥ በአራት ዓይነት ስፍራ የሚኖሩ የቤት አይጦችን አስተያይታ ነበር። በከተማ ቤቶች የምትኖር ሴት አይጥ በዓመት 5.5 ጊዜ፥ ሥጋ ከበረዶ በታች በሆነ ብርድ በሚቀመጥባቸው ቤቶች 6.7 ጊዜ፥ በዱቄት መጋዘኖች 8 ጊዜ፥ በእርሻ ላይ በተከመረ የእህል ክምር ውስጥ ግን 10.2 ጊዜ ያህል እንደምትወልድ ገለጠች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምግብና የጎጆ መሥሪያ ካገኘ ብርድ እንኳ አይጥን ከመራባት አይከለክለውም፤ ሳይነካ የተቀመጠ የእህል ክምር ግን ከሁሉ የሚሻል የመራቢያ ስፍራው ነው።

አንድ ሂሳብ

የፍጥነቱን ነገር በቍጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አይጥ ወደ አንድ ጎተራ ገቡ እንበል። ሴቲቱ በየ4 ሳምንቱ 6 ልጆች፥ ይኸውም 3 ወንድና 3 ሴት ትወልዳለች። የተወለዱትም ሴቶች በ12ኛው ሳምንታቸው የመጀመሪያ ልጆቻቸውን ይወልዳሉ። ምግብ ሞልቶ፥ ከመካከላቸውም የሚሞት ባይኖር ቍጥራቸው እንደሚከተለው ይሆናል።

በ12 ሳምንት 20 አይጦች፤

በ24 ሳምንት 146 አይጦች፤

በ36 ሳምንት 974 አይጦች፤

በ52 ሳምንት 11,762 አይጦች።

ይህ ሂሳብ እንጂ በዓይን የታየ ነገር አይደለም። በእውነተኛው ኑሮ ብዙዎቹ ድመትና ጉጉት ይበላቸዋል፤ በሽታና ረኃብ ያጠፋቸዋል፤ በዱር ከሚኖሩትም ዓመት የሚሞላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ሂሳቡ አንድ እውነት ያሳያል። በ12ኛው ሳምንት ሥራ የጀመረ ሰው የሚዋጋው ከ20 አይጦች ጋር ነው። እስከ 36ኛው ሳምንት የቆየ ሰው ግን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ያገኛል። አንድ አይጥ በቀን 3 ግራም ያህል ስለሚበላ፥ 974ቱ በየቀኑ 3 ኪሎ የሚጠጋ እህል ይበላሉ። በሽንታቸውና በኵሳቸው የሚያበላሹትም ከሚበሉት የሚያንስ አይደለም።

ሁለተኛም እውነት አለ። ከ146ቱ አይጦች መካከል ከመቶው 90 እጅ ቢገደሉ 15 ያህል ይቀራሉ። ሥራው ያማረ ይመስላል፤ ሹሙም መልካም ወሬ ለበላዩ ይጽፋል። ነገር ግን እህሉና መሸሸጊያው እንዳለ ከተተወ፥ የቀሩት 15ቱ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ወደ ቀድሞው ቍጥር ይመለሳሉ። እነዚያ የቀሩት እነማን ናቸው? በአጋጣሚ የዳኑ ናቸውን? ወይስ መርዙ ሊገድላቸው ያልቻለ ናቸው? የዚህን ጥያቄ መልስ ለማግኘት የአይጥ ወገኖችን መዳቀል መመርመር ያስፈልጋል።

ወገኖቹና የሚገናኙበት ስፍራ

የቤት አይጥ አንድ ነገድ ቢሆንም በውስጡ ሦስት ዋና ዋና ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ዶሜስቲኩስ የሚባለው የምዕራብ ወገን ነው። ይህ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ በሜዲቴራኒያን ባሕር ንግድ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ደረሰ፤ ኋላም በመርከብ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተበተነ። ሁለተኛው ሙስኩሉስ የሚባለው የምሥራቅ ወገን ሲሆን ምሥራቅ አውሮፓንና ሰሜን እስያን ይዟል። ሦስተኛው ካስታኔዎስ የሚባለው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ነው። እነዚህ ወገኖች በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ተለያይተው ኖረዋል፤ እንደ ገና ያገናኛቸው የሰው እርሻና ንግድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የተመረመረው መገናኛቸው በአውሮፓ መካከል ያለው ነው። የምዕራቡና የምሥራቁ ወገን የሚዋሰኑበት መስመር ከስካንዲናቪያ ጀምሮ በዴንማርክ፣ በጀርመን፣ በቼክና በኦስትሪያ በኩል አልፎ፥ የባልካንን አገር አቋርጦ ጥቁር ባሕር ይደርሳል። ርዝመቱ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ ግን እጅግ ጠባብ ነው፤ በብዙ ስፍራ ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዴንማርክ አገር በዩትላንድ ልሳነ ምድር በስተ ሰሜን ያለው የምሥራቁ ወገን፥ በስተ ደቡብ ያለው የምዕራቡ ወገን ነው፤ በመካከላቸው ባሉት መንደሮች ድቅሎቹ ይኖራሉ።

በዚህ መስመር ላይ የሚገኙት ድቅሎች አብዛኞቹ ከንጹሕ ምዕራባዊና ከንጹሕ ምሥራቃዊ ወላጆች በቀጥታ የተወለዱ አይደሉም። እርስ በርሳቸው፥ ወይም ከሁለቱ ወገን ጋር በብዙ ትውልድ ተመላልሰው የተዋለዱ ናቸው። ታዲያ ሁለቱ ወገኖች ያለ ከልካይ የሚዋለዱ ከሆነ፥ በብዙ ዘመን ውስጥ ተቀላቅለው አንድ ስለ ምን አልሆኑም? መስመሩስ ስለ ምን ጠባብ ሆኖ ቀረ? መልሱ የሚገኘው ከድቅሎቹ ድካም ነው።

የድቅሎቹ ድካም

በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል። ከአህያና ከፈረስ የተወለደ በቅሎ ብርቱ ቢሆንም ልጅ እንደማይወልድ የማያውቅ ገበሬ የለም። ሁለት ዘር ከተራራቀ በኋላ ሲገናኝ፥ የሚወለደው ልጅ በአካሉ ሳይጎድል በመውለዱ ሊጎድል ይችላል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሃልዴን በ1922 እንዳስተዋለው፥ በእንዲህ ያለ መዳቀል ከሁለቱ ጾታ አንዱ ብቻ የጎደለ ወይም መካን በሆነ ጊዜ፥ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞሶም ያለው ነው። አጥቢ በሆኑ እንስሳት ይህ ወንዱ ነው።

በአይጥም እንዲሁ ሆኖ ተገኝቷል። የምዕራቡና የምሥራቁ ወገን ሲዳቀሉ ሴቶቹ ልጆች ብዙውን ጊዜ ይወልዳሉ፤ ከወንዶቹ ግን አንዳንዶቹ ፈጽሞ መካኖች ናቸው፥ አንዳንዶቹም ዘራቸው ጥቂት ነው። በፕራግ ከተማ ፎሬይትና ኢቫኒ የተባሉ መርማሪዎች የዚህን መካንነት ምክንያት በዘር ውስጥ ፈልገው የመጀመሪያውን ውጤት በ1974 አሳተሙ። ምርመራው ሲቀጥል ከቆየ በኋላ፥ ለዚህ ምክንያት የሆነው ጂን ፒ.አር.ዲ.ኤም. 9 የሚባለው መሆኑ በ2009 ታወቀ። ጂን ማለት ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፥ የአካልን ሥራ የሚወስን የዘር ቅንጣት ነው። ይህኛው ጂን የአባትና የእናት ክሮሞሶሞች የሚገናኙበትንና ክፍሎቻቸውን የሚለዋወጡበትን ስፍራ ያመለክታል። የሁለቱ ወገን ዘር በአንድ ድቅል ወንድ ውስጥ ሲገናኝ ክሮሞሶሞቹ በሚገባ መጣመር ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ የወንዱ ዘር ሳይፈጠር ይቀራል።

እንግዲህ በመስመሩ ላይ የሚወለዱት ድቅሎች ከንጹሖቹ ያነሰ ልጅ ይወልዳሉ። ከሁለቱም ወገን አዳዲስ አይጦች እየመጡ ይተካሉና መስመሩ አይጠፋም፤ ድቅሎቹ ስለሚደክሙም አይሰፋም። መስመሩ በሁለት አገር መካከል እንደ ቆመ ኬላ ነው ቢባል ይገባል።

ነገር ግን ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። በመጀመሪያ፥ መዳቀል ሁልጊዜ ድካም አያመጣም። በጃፓን ደሴቶች የምሥራቁ ወገንና ካስታኔዎስ ተገናኝተው የተዳቀሉ ሲሆን፥ ከዚያ የተገኘው አይጥ ደኅና እየተራባ አገሩን ሞልቷል። ሁለተኛ፥ ኬላው ጭነትን ሁሉ አይዝም። አንዳንዱ ጂን በመስመሩ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ግን ለተሸካሚው ጉዳት ስለሌለው ወደ ማዶ ያልፋል። ተሸካሚውን የሚጠቅም ጂን ከሆነ ደግሞ ድቅሎቹ ደካሞች ቢሆኑም እንኳ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ በፍጥነት ይሠራጫል። በመርዝ ላይ የደረሰው ነገር ይህ ነው።

መርዝን የሚቋቋም ዘር እንዴት እንደ ተሻገረ

በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ብዙዎች ሞቱ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክ የተባለ መርማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ምክንያቱን ከድርቆሹ ለይቶ አወጣ። ከዚያ ምርመራ የተገኘው ዋርፋሪን የሚባለው መድኃኒት ከ1948 ጀምሮ የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ቪታሚን ኬ በአካል ውስጥ ከተሠራበት በኋላ ታድሶ እንደ ገና ለሥራ ይመለሳል። ዋርፋሪን ይህን ማደስ ይከለክላል፤ አይጡም ከጥቂት ቀን በኋላ ውስጡ ደምቶ ይሞታል። ሞቱ ስለሚዘገይ ሌሎቹ አይጦች ምግቡን አይጠራጠሩትም፤ ስለዚህ መርዙ እጅግ የተወደደ ሆነ።

ሆኖም ብዙ ሳይቆይ በ1958 በስኮትላንድ ዋርፋሪን የማይገድላቸው አይጠ መጎጦች ተገኙ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ በቤት አይጥ ላይ ይኸው ታየ። በ2004 የዚህ መቋቋም ምክንያት የሆነው ጂን ቪ.ኬ.ኦ.አር.ሲ. 1 የሚባለው መሆኑ ታወቀ። ጂኑ ጥቂት ሲለወጥ መርዙ መያዣ ያጣል፤ ቪታሚን ኬ መታደሱ ይቀጥላል። ይህ ለውጥ በቤት አይጥ ውስጥ በራሱ ሊነሣ ይችላል፤ በልዩ ልዩ አገርም ተነሥቷል።

በ2011 በአሜሪካ በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ማይክል ኮን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ምርመራ ግን ሌላ መንገድ ገለጠ። በስጳኝና በጀርመን ከተያዙት የቤት አይጦች አንዳንዶቹ የያዙት ጂን የራሳቸው አልነበረም። ጂኑ የአልጄሪያ አይጥ ከተባለው፥ በሊቃውንት ዘንድ ሙስ ስፕሬቱስ ከሚባለው ከሌላ ነገድ የመጣ ነበር። ይህ ነገድ በስጳኝ፣ በፖርቱጋል፣ በደቡብ ፈረንሳይና በሰሜን አፍሪካ በደረቅ ሜዳ የሚኖር የዱር አይጥ ነው። ከቤት አይጥ ከተለየ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱ የሚዳቀሉትም ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ሲዳቀሉም ወንዶቹ ልጆች መካኖች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሴቶቹ ድቅሎች ይወልዳሉ። በጠባቧ በር በኩል ያ ጂን ከዱር አይጥ ወደ ቤት አይጥ ተሻገረ። መርዝ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ከብዙ ጂኖች መካከል ጠፍቶ በቀረ ነበር። ነገር ግን በየእርሻውና በየመጋዘኑ ያው አንድ ዓይነት መርዝ ለብዙ ዓመታት ሲደረግ፥ ጂኑ የሌላቸው ሞቱ፥ ያላቸው ቀሩ፤ የቀሩትም ከላይ በሂሳብ በታየው ፍጥነት ተራቡ። የአልጄሪያ አይጥ በማይኖርበት በጀርመን አገር ሳይቀር የተገኘው ስለዚህ ነው። ጂኑን ያሠራጨው የሰው እጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ መርዙን እየመረጠ ያደረገው ሰው፥ ሳያውቅ አይጡንም መርጧልና።

በኢትዮጵያ የሚገኘው ሁኔታ

በኢትዮጵያ በእርሻ ላይ ያለውን ሰብል የሚያጠፉት አይጦች አብዛኞቹ የቤት አይጥ አይደሉም። በደጋውና በወይና ደጋው ዋና አጥፊዎች ማስቶሚስና አርቪካንቲስ በሚባሉ ነገዶች የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ፥ በአዋሽ ስም የተሰየመው ማስቶሚስ አዋሸንሲስ፥ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በትግራይ የተደረጉ ምርመራዎች እነዚህ አይጦች የዝናሙን ወራት ተከትለው እንደሚራቡ፥ አፈር እንዳይታጠብ በተሠሩት የድንጋይ እርከኖች ውስጥም መሸሸጊያ እንደሚያገኙ ገልጠዋል። ሙስ ማሆሜት የምትባለው ትንሿ የደጋ አይጥም ስሟ ከቤት አይጥ ጋር ቢቀራረብ ዝምድናዋ የራቀ ነው።

ስለዚህ በአውሮፓ የታየው መዳቀል በኢትዮጵያ እርሻ ላይ እንዲሁ ይደገማል ማለት አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁሉ ይሠራል። የቤት አይጥ በእህል ጭነት ከአገር ወደ አገር ስለሚሄድ፥ መርዝን የሚቋቋም ዘርም ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ከዚህም ሌላ አንድ መርዝ ያለ ማቋረጥ በተደረገበት ስፍራ መቋቋም ከውጭ ሳይመጣ ከውስጥ ሊነሣ ይችላል።

ሊደረግ የሚገባው ሥራ

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ሥራ ይወጣል።

አንደኛ፥ ምግቡን መዝጋት። የቤት አይጥ እርሳስ በምታስገባ ቀዳዳ ያልፋል፤ ስለዚህ የመጋዘን ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሆን በብረት ወንፊት ወይም በሲሚንቶ መደፈን አለበት። ጎተራ ከምድር 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግር ላይ ይቁም፤ በየእግሩም አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግበት። ወደ ጎተራው የተጠጋ እንጨት፣ ክምርና አጥር ይራቅ፤ አይጡ በእነርሱ ተሻግሮ ይገባልና። አቅም ያለው የብረት ጎተራ ቢጠቀም ይሻላል።

ሁለተኛ፥ መሸሸጊያውን ማጥፋት። በመጋዘን ውስጥ ከረጢት በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር፤ ከግድግዳውም ሰው እስኪያልፍ ድረስ ይራቅ። የፈሰሰ እህል በየቀኑ ይጠረግ። ክምር በአውድማ ላይ ብዙ አይቆይ፤ አይጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚራባው ሳይነካ በቆየ ክምር ውስጥ መሆኑ ከላይ ተነግሯል።

ሦስተኛ፥ ጊዜውን መቅደም። አይጥ ሲበዛ አይጠበቅ፤ ቍጥሩ ጥቂት ሳለ፥ እህል ከመግባቱ አስቀድሞ ባዶው ጎተራ ይጠረግ፣ ይመርመር፣ ወጥመድም ይጠመድበት። በወጥመድ ከተያዙት መካከል ያረገዙና ያልደረሱ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ ይጻፍ፤ እነዚህ በበዙበት ጊዜ መራባቱ እየገፋ መሆኑ ይታወቃል።

አራተኛ፥ ሥራውን በኅብረት ማድረግ። አንድ ሰው ቤቱን አጽድቶ ጎረቤቱ ቢተወው፥ ከጎረቤት የተባረሩት ወጣቶች አይጦች ባዶውን ስፍራ በጥቂት ሳምንት ይይዙታል። ለአጨዳ ደቦ እንደሚወጣ ሁሉ፥ መንደሩ በአንድ ቀን በአንድነት ለዚህ ሥራ እንዲወጣ ሹሙ ያስተባብር።

አምስተኛ፥ መርዝ የመጨረሻው መሣሪያ ይሁን። መርዝ የሚደረገው በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ሕፃናትና ከብት በማይደርሱበት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ የሞቱት አይጦችም ተሰብስበው በጥልቅ ይቀበሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፥ በግዴለሽነት የተደረገ መርዝ አይጡን ትቶ አይጥ የሚበሉትን ድመትንና ጉጉትን ይገድላል። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው መርዝ በሆድ ውስጥ ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣና ማርከሻ ስለሌለው ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። ዋርፋሪንንና ዘመዶቹን የዋጠ ሰው ቢገኝ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ማርከሻው ቪታሚን ኬ ነውና።

ስድስተኛ፥ መርዝ ሳይሠራ በቀረ ጊዜ መጠኑን ከመጨመር በፊት መመርመር። አይጦቹ መርዙን በልተው በሕይወት ከኖሩ፥ ያንኑ ዓይነት መደጋገም የሚቋቋመውን ዘር ማብዛት ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መርዙ ይቁም፤ ወጥመድና ጽዳት ይበርታ፤ ነገሩም የትና መቼ እንደ ሆነ ተጽፎ ለእርሻ ምርምር ሠራተኞች ይተላለፍ።

የቤት አይጥ 20 ግራም ያህል የሚመዝን ፍጥረት ሳለ፥ የሰውን እህል ተከትሎ ዓለምን ዞሯል፤ ከሌላ ነገድ ጂን ተቀብሎም ሰው በብልኀት የሠራውን መርዝ አልፏል። ሆኖም በመዳቀልም ሆነ በመራባት የማይሻገረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የምግብ ማጣት ነው። መርዝን የሚያመክን ጂን ተገኝቷል፤ በደኅና የተዘጋን ጎተራ የሚከፍት ጂን ግን አልተገኘም። ስለዚህ ለጎተራ እግርና ለመጋዘን ግድግዳ የሚደረገው ትጋት ለመርዝ ከሚወጣው ገንዘብ ይቅደም።